ስድስቱ ዛጎሎች የተደፉ ዕለት

ይህን የምጽፈው ሰው እንዲያዝንልኝ አይደለም። የሚያዝንልኝ ሰው የፈለግኩበት ጊዜ ነበር፤ ያኔ ማንም አልመጣም። የምጽፈው አንዲት ሴት በሕይወት እያለች፣ ዓይኗም ገና ፊደል እየለየ ሳለ እንድታነብበው ብዬ ነው። እዚህ ብዙነሽ እላታለሁ። ስሟ ይህ አይደለም። እሷ ግን አንድ ገጽ ሳትጨርስ ማን እንደሆነች ታውቃለች። እናንተ ሌሎቻችሁ ቁጭ ብላችሁ ስሙኝና ፍረዱ፤ ከፈረዳችሁ በኋላ ግን አትደውሉልኝ።

ነገሩ የሆነው በፈረንጆች 2008 ነው፤ ሰዉ ቤቱን ለባንክ እያስረከበ ወደ አፓርታማ በሚመለስበት፣ የኢራቁም ጦርነት ባልበረደበት ጊዜ። ሃምሳ ስምንት ዓመቴ ነበር። ዳላስ አጠገብ ባለችው ፕሌኖ ውስጥ ኮኪላ የምትባል ሕንዳዊት በከፈተችው የልብስ ማስተካከያ ሱቅ እሠራ ነበር። ሱሪ አሳጥራለሁ፣ ዚፕ እቀይራለሁ፣ የሙሽራ ቀሚስ አጠባለሁ። ልጅ የለኝም። ባል ነበረኝ፤ ሄደ። መሄዱን ከእኔ ቀድማ ያወቀችውና ለሰው ያዳረሰችው ብዙነሽ ናት።

ከዚያ ቀደም ሌዊስቪል በምትባል የዚያው አካባቢ ከተማ በር ለበር ጎረቤት ነበርን። ሁለታችንም አውሮፕላን ማረፊያው ውስጥ የመንገደኛ ምግብ እናሽግ ስለነበር በአንድ መኪና ነበር የምንመላለሰው። አንድ ቀን ሥራ ቦታ እጄን ስታጠብ አንዲት በስም የማላውቃት ልጅ «አይዞሽ እትዬ፣ ወንዶች እንዲህ ናቸው» አለችኝ። ምን ማለቷ እንደሆነ አልገባኝም። ቤት ስገባ የእሱ ቁም ሳጥን ባዶ ነበር። ብዙነሽ ጠዋት ሻንጣውን ሲጭን በመስኮት አይታዋለች። ከዚያ ስምንት ሰዓት ሙሉ ከጎኔ ቆማ ምግብ ስታሽግ ለእኔ ትንፍሽ አላለችም፤ ለሌላው ሁሉ ነገረች።

የቀረችኝ የእህቴ ልጅ ማህሌት ናት። እህቴ ስትሞት በአሥራ ሦስት ዓመቷ አስመጥቼ ያሳደግኳት፣ በትምህርት ቤቱ ወረቀት ሁሉ እናት ሆኜ የፈረምኩላት። አድጋ ዳዊት የሚባል የኮምፒውተር ባለሙያ አገባች። ዳዊት የማን የወንድም ልጅ ሆኖ ቢገኝ ጥሩ ነው? የብዙነሽ። ዓለም ጠባብ ናት ይላሉ፤ ጠባቧስ ዳላስ ናት።

በዚያ ዓመት ማህሌት ሴት ልጅ ወለደች። የሕፃኗ ሰማንያ ቀን የሚሞላው አንድ እሑድ ላይ ነበር። የዳዊት ወገን ብዙነሽ ክርስትና ታንሳት አለ። ማህሌት «ኖ፣ የምታነሳት እትዬ ናት» ብላ ድርቅ አለች። ይህ ለእኔ ምን ማለት እንደነበር ወልዶ የሳመ ሰው አይገባውም። ባል ተነስቶ ይሄዳል፣ ጎረቤት ይከዳል፤ የክርስትና ልጅ ግን የትም ብትሄድ የክርስትና ልጅሽ ናት፣ ማንም አይፍቃትም። ነጩን ቀሚሷን በእጄ ሰፋሁ። ሪባኑን ሦስት ጊዜ ፈትቼ ሦስት ጊዜ መልሼ ሰፋሁት።

ከዚያ እሑድ በፊት ያለችው ቅዳሜ ናት ጉዴን ያመጣችው። ግን ከሁለት ወር በፊት ልጀምር።

አንድ የሕፃናት ሙዚየም ስለ ሕንዶች ባህል አንድ አዳራሽ ሊያዘጋጅ አስቦ የሕንዶቹን ማኅበር አማከረ፤ ማኅበሩ ኮኪላን ላከ። ኮኪላም ልጅ እያለች በቤታቸው ትጫወተው የነበረ የጥንት ጨዋታ መረጠች። ፓቺሲ ይባላል። መጫወቻው እንጨት አይደለም፤ በመስቀል ቅርጽ የተሰፋ ጨርቅ ነው። አራት ክንድ አለው፤ በእያንዳንዱ ክንድ ላይ ሃያ አራት ትናንሽ ቤቶች። ስድስት ዛጎል ትጥያለሽ፣ አፋቸውን ወደ ላይ ያደረጉትን ትቆጥሪያለሽ፣ ጠጠርሽን በዚያው ልክ ታስኬጃለሽ። ዞሮ ዞሮ መሀል ቀድሞ የገባ ያሸንፋል።

ሙዚየሙ ሜጋን የምትባል ዲዛይነር መደበ። መጥታ ላፕቶፗን የስፌት ጠረጴዛዬ ላይ፣ የሰው የሐር ቀሚስ ላይ አስቀመጠችና ሥዕሏን አሳየች።

«ኢንተራክቲቭ ይሆናል» አለች። «እዚህ ጋ ስክሪን አለ። ልጁ ቁልፉን ይጫናል፣ ስክሪኑ ዛጎሎቹን ይጥልለታል፣ ቁጥሩንም ይነግረዋል።»

«ቬሪ ናይስ፣ ቬሪ ናይስ» አለች ኮኪላ።

«ልጁስ ምን ሠራ?» አልኩ እኔ፣ ከስፌት መኪናው ቀና ሳልል።

ሜጋን ማን እንደተናገረ በዓይኗ ፈለገች። ሱቁ ውስጥ መኖሬን ያወቀችው ያኔ ይመስለኛል።

«ቁልፉን ይጫናላ።»

«ቁልፍማ ሊፍት ውስጥም አለ። ዛጎል እጅ ውስጥ ሲንኳኳ ነው። ስትጥይው እስኪያርፍ ድረስ ልብሽ ይሰቀላል። ያንን ስክሪኑ ወስዶበት ልጁ ምን ቀረው?»

እንግሊዝኛዬ ሰባራ ነው፤ ግን ገባት። ስክሪኑ ቀረ። በምትኩ አዳራሹን ሞልቶ የሚነጠፍ ትልቅ የፓቺሲ ጨርቅ እንዲሠራ፣ ልጆቹ ራሳቸው ቀይ፣ ጥቁር፣ ቢጫና አረንጓዴ ቆብ አድርገው እንደ ጠጠር በላዩ ላይ እንዲሄዱ፣ ዛጎሎቹም ትራስ የሚያክሉ ሆነው በሁለት እጅ እንዲወረወሩ ተስማማን። ማን ይስፋው? መልሱ ታውቋል።

ጨርቁ ቀላል ነበር። ወፍራም ሸራ፣ በላዩ የተለጠፉ ዘጠና ስድስት ቤቶች፣ ዙሪያውን ዝምዝማት። ያስቸገሩኝ ዛጎሎቹ ናቸው። ጀርባቸው ጉብ ያለ፣ አፋቸው ዝርግ ስለሆነ በወረወርናቸው ቁጥር በአፋቸው ብቻ ይወድቃሉ። አንድ ሳምንት ከሞከርናቸው በኋላ ጀርባቸው ውስጥ ምስር የሞላ ከረጢት ከተትኩበት። ያኔ እንደ እውነተኛ ዛጎል አንዳንዴ በጀርባ፣ አንዳንዴ በአፍ መውደቅ ጀመሩ። በምሳ ሰዓት ኮኪላና እኔ የሱቁ ወለል ላይ እየወረወርን እንሞክራቸው ነበር።

«አፉ ወደ መሬት ሲሆን እናንተ ምን ትላላችሁ?» አለችኝ አንድ ቀን።

«ተደፋ።»

«ቴደፋ!» ወደደችው። ከዚያ በኋላ በወረወርን ቁጥር «አንድ ቴደፋ፣ ሁለት ቴደፋ» እያለች ሱቁን ታስቀዋለች። እኔም ከእሷ ጋር መጮህ ለመደብኝ። በተለይ ስድስቱም ሲደፉ አብረን «ሁሉም ቴደፉ!» እንላለን። ምክንያቱም በዚህ ጨዋታ ስድስቱም ከተደፉ ሃያ አምስት ነው። ከዚያ የሚበልጥ የለም። የጨዋታው ስም ራሱ ከዚያ የመጣ ነው፤ ፓቺስ በእነሱ ቋንቋ ሃያ አምስት ማለት ነው። ሃያ አምስት ለወጣለት ሰው ደወል ይደወልለት ያልኩትም እኔ ነኝ። ኮኪላ ከቤቷ አንዲት ትንሽ የናስ ደወል አመጣች፤ ቁርጥ የእኛን ቃጭል።

አንድ ሌላም ነገር አለ። ትራስ መወርወር የማይችሉ ሰዎች፣ ሽማግሌዎችም በዊልቼር የሚመጡም፣ ቁጭ ብለው እውነተኛ ዛጎል የሚጥሉበት ትንሽ ጠረጴዛ ጥግ ላይ ይኑር አልኩ። ሜጋን «ብሪሊያንት» አለች። የራሴን ወጥመድ በራሴ እጅ ዘመዘምኩት።

ስለ ጨዋታውና ስለ አዘጋጆቹ የሚገልጸው ሰሌዳ ሲመጣ የሙዚየሙና የኮኪላ ስም ተጽፎበታል። የእኔ የለም። «ቦታ አልበቃም» አለች ሜጋን። ኮኪላ መነጽሯን ስታብስ ቆየች። እኔ መዝግቤ ያዝኩት።

አዳራሹ በዚያች ቅዳሜ ተከፈተ። መግቢያው በነፃ ስለነበር ሰው ጎርፏል። ልጆቹ ቆባቸውን አድርገው በጨርቄ ላይ ሲሮጡ፣ ያንን ምስር የጠቀጠቅኩበትን ትራስ ተሸክመው ሲወረውሩ ሳይ፣ ልዋሽ አልችልም፣ ደስ ብሎኛል። ትንሿ ጠረጴዛ ላይ እንድትቀመጥ የታሰበችው የኮኪላ ዋርሳ ታምማ ቀረች።

«ዬሺ፣ አንቺ ተቀመጪ» አለችኝ ኮኪላ። ስሜ የሺመቤት ነው፤ እሷ ግን እስከ መጨረሻው ዬሺ ነበር የምትለኝ።

ሜጋን ከላይ እስከ ታች አየችኝ። «ትንሽ ባህላዊ ነገር ብትለብሺ?»

«የማን ባህል?»

ኮኪላ የራሷን ቀይ የሐር ሻርፕ፣ ወርቅ ክር የተሠራበትን፣ ትከሻዬ ላይ ጣለችብኝ። እንዲህ ሆኜ ጥግ ላይ፣ ጨርቅ በለበሰች ጠረጴዛ ኋላ፣ ስድስት ዛጎልና አንዲት ቃጭል ፊቴ አድርጌ ተቀመጥኩ። የአገሬ ሰው ቢያየኝ ምን ይለኛል የሚለው ሐሳብ አልመጣብኝም። ሁለት ወር ሙሉ ሰፍቼዋለሁ፤ ለእኔ ጨዋታ ነበር፣ ሥራም ነበር።

ከቀኑ ስምንት ሰዓት ገደማ ብዙነሽ የልጇን ልጆች ይዛ ገባች።

«የሺ! አንቺ ነሽ እንዴ? ምንድን ነው የተከናነብሽው?»

«ሥራ ላይ ነኝ።»

«እንዲህ ያለም ሥራ አለ?» አለችና ሳቀች። ከዚያ ዓይኗ ዛጎሎቹ ላይ ወደቀ፤ ሳቋ ቆመ። ልጆቹን ወደ ትራሶቹ ላከቻቸው። ግራ ቀኝ አየች፣ ነጠላዋን ሰብሰብ አድርጋ ፊት ለፊቴ ተቀመጠች፣ ወደ ጆሮዬ ጎንበስ አለች።

«እስቲ ለእኔም ጣይልኝ።»

«ጨዋታ ነው ብዙነሽ። የሕንዶች ጨዋታ። ሰሌዳው ላይ ተጽፎልሻል።»

«አውቃለሁ፣ አውቃለሁ። ለፈረንጅ ጨዋታ በይው። እኔ ፈረንጅ ነኝ?»

«እውነቴን ነው።»

«የሺ፣ እኔና አንቺ አንተዋወቅም? ማን እንዳስተማረሽ አልጠይቅሽም። ለማንም አልናገርም።» ድምጿ ቀጠነ። «ናቲ ሦስት ሳምንት ሙሉ አልደወለም።»

ናቲ፣ ናትናኤል፣ የመጨረሻ ልጇ ነው። ወታደር ሆኖ ኢራቅ ነበር። ልጁን አውቀዋለሁ፤ ሌዊስቪል እያለን ቁልፍ ሲጠፋበት እኔ ጋ ነበር የሚጠብቀው።

ይህች ሴት የቤተ ክርስቲያናችን የሴቶች ማኅበር ሰብሳቢ ናት። በጾም ቀን ማን ምን ጠጣ ብላ የሰው ኩባያ የምታሸት ናት። እሷ ናት እንግዲህ ጠንቋይ ቤት እንደገባች ሁሉ ዓይኗን እያቁለጨለጨች ፊቴ የተቀመጠችው። ልጇን ባስታውስም ከማዘኔ መጸየፌ በለጠ። «እኔ አልጥልልሽም» አልኳት።

«እሺ ራሴ እጥላለሁ» ብላ ዛጎሎቹን አፈሰቻቸው። በጡጫዋ ጨምቃ አፏ ውስጥ ልትከታቸው እስኪመስል አስጠጋቻቸውና «ናትናኤል… ቤቴን ሁሉ…» እያለች ተነፈሰችባቸው። ቀኑን ሙሉ የስንት ሕፃን እጅ የነካቸውን ዛጎሎች። ከንፈሯ የነካው ዛጎል ላይ ምራቋ ሲያብረቀርቅ አየሁ። ከዚያ በተነቻቸው።

ስድስቱም በአፋቸው ወደቁ።

ከጠዋት ጀምሮ ይህ የሆነው ሁለት ጊዜ ብቻ ነው። እጄ ከሐሳቤ ቀድሞ ቃጭሉን አነሳ። አፌም የለመደውን ጮኸ፦ «ሁሉም ተደፉ! እሰይ!»

ጨርቁ ላይ ያሉት ልጆች ደወሉን ሰምተው አጨበጨቡ።

የብዙነሽ ፊት አመድ መሰለ። አሁን እናንተ ስታነቡት ገብቷችኋል፤ እኔ የገባኝ ፊቷን ሳይ ነው። ኮኪላ የማታውቀው፣ እኔ ግን ከእናቴ ወተት ጋር የጠጣሁት ቋንቋ። እኛ ዘንድ ውሃ ብቻ አይደለም የሚደፋው። «ይድፋህ» ይባላል።

«ምን አልሽ?»

«አይ፣ ብዙነሽ፣ እሱ እኮ…»

«ቤቴን ነው? ልጆቼን ነው ሁሉም ተደፉ የምትይኝ? ደግሞ እየሳቅሽ? ምላስሽ ይቆረጥ!»

ስትነሳ ወንበሩ ወደቀ። ልጆቹን ከነቆባቸው እየጎተተች ወጣች። ልከተላት ግማሽ ተነስቼ ነበር። ከኋላዋ ግን አንድ ሽማግሌ ፈረንጅ በዊልቼሩ ተራውን ሲጠብቅ ቆይቷል፤ ፈገግ ብሎ እጁን ዘረጋ። ተመልሼ ተቀመጥኩ። ነገ ቤተ ክርስቲያን አስረዳታለሁ፣ እንስቅበታለን ብዬ ነበር። ይህን ያህሉ እውነት ነው፣ ፈጣሪ ያውቃል።

ነገ ድረስ የሚጠብቅ አልነበረም። ቤት ስገባ ፀሐይ ገና አልጠለቀችም። ስልኩ ጮኸ።

«ሃይ እትዬ።»

«ማሂ፣ ቀሚሱ ደርሷል። ተኩሼ ሰቅዬዋለሁ።»

«ኦኬ… እሺ» አለች በቀጭን ድምፅ። ያንን ድምፅ አውቀዋለሁ፤ በአሥራ ሦስት ዓመቷም ብርጭቆ ስትሰብር እንዲህ ነበረች።

«ሶ… ዛሬ የት ነበርሽ?»

«ሙዚየሙ ነዋ። ነግሬሽ የለ?»

«አክስቴ ብዙዬ አሁን ኮል አድርጋ ነበር። እያለቀሰች። ማለቴ… የሺ ዛጎል ትጥላለች አለች።»

«ጨዋታ ነው ማሂ።»

«ኦኬ፣ ጨዋታ ነው። ግን ሰው ሁሉ እያወራ ነው። የዳዊት እናት ከአዲስ አበባ ሳይቀር ደውላለች። የልጅ ልጄን ጠንቋይ ልታነሳት ነው ወይ እያለች።»

«ራሷ ብዙነሽ ናት እኮ ጣይልኝ ያለችኝ። ለናቲ።»

ሳቀች። «አክስቴ ብዙዬ? ኖ ዌይ።»

ከኋላዋ የዳዊትን ድምፅ ሰማሁ፤ ምን እንዳላት አልሰማሁም። ስልኩን በእጇ ሸፈነችው፣ ከዚያ ተመለሰች። ስትመለስ ሌላ ሰው ነበረች።

«አንድ ነገር ልጠይቅዎት» አለች። «‹ሁሉም ተደፉ› ብለዋታል ወይስ አላሏትም?»

ሃያ ዓመት ያህል «አንቺ» ስትለኝ የኖረች ልጅ ናት። ፀጉሯን ሳበጥር፣ ስትታመም ጀርባዋን ሳሽ፣ «እትዬ አንቺ» ነበርኩ። አንቱታ ክብር ነው ይላሉ። ያን ዕለት የተሰጠኝ ክብር በሩን ፊቴ ላይ ነው የዘጋው።

«ብያታለሁ፤ ግን ማሂ፣ በጨዋታው…»

«ብለዋል።»

«ስሚኝ እንጂ።»

«ልጇ ኢራቅ ነው እትዬ! እንዴት እንዲህ ይባላል? ደወል ሁሉ ደውለዋል አለች!»

«ደወሉ…»

«እኔ ድራማ አልፈልግም። ነገ አክስቴ ብዙዬ ታንሳት። እርስዎ ይምጡ፣ ማለቴ፣ እንግዳ ሆነው ይምጡ። ዳዊት ቀሚሱን ሊወስድ እየመጣ ነው።»

እንግዳ። ከዚህ ቃል በኋላ ሙሉውን ታሪክ ብነግራት ትሰማኝ ነበር ይሆናል። አልነገርኳትም። ለሰማንያ ቀን ልጅ ክርስትና ለማንሳት ጠንቋይ አለመሆኔን ለገዛ ልጄ መማል አስጠላኝ። አዎ፣ አስጠላኝ። ስልኩን ዘጋሁት።

ዳዊት ከመኪናው አልወረደም። ፓርክ እንኳ አላደረገም፤ ሞተሩ እየሠራ በስልክ «ታች ነኝ» አለኝ። ቀሚሱን ከነመስቀያው ይዤ ወረድኩ። በመስኮት ተቀበለኝና የኋላ ወንበር ላይ ወረወረው። «ቴንኪው እትዬ» አለ፣ ዓይኔን ሳያይ። ሰሌዳው ላይ ቦታ ያጣው ስሜ በአንድ ከሰዓት በመላው ዳላስና ፎርት ወርዝ ሰው አፍ ውስጥ ቦታ አግኝቷል።

በማግስቱ ሄድኩ። ቀርታ አመነች እንዳይሉኝ ነው የሄድኩት። ኋላ ቆምኩ። ከጎኔ ያለችው ሴት፣ ስንት ቀሚስ በነፃ ያሳጠርኩላት ሴት፣ ነጠላዋ እንዳይነካኝ ሰብስባ ወደዚያ ፈቀቅ አለች። ሕፃኗ ውሃው ሲነካት ጮኸች። ብዙነሽ ተቀብላ አቀፈቻት። ቀሚሱን አለበሷት። ሪባኑን ከፊት አሰሩት። ከኋላ ነበር መታሰር ያለበት፤ ለዚያ ነው ሦስት ጊዜ የፈታሁት። ሥርዓቱ እስኪያልቅ ያንን ሪባን ብቻ ስመለከት ቆየሁ።

ከቅዳሴ በኋላ በአዳራሹ ምሳ ነበር። ሰው ጋ መቀመጥ ስላልፈለግኩ ኩሽና ገብቼ ሳህን ማጠብ ጀመርኩ። ሳህን የሚያጥብ ሰው ማንም አያባርርም።

በሩ ተከፈተ፣ ተዘጋ።

«የሺ።»

አልዞርኩም። ብዙነሽ አጠገቤ መጥታ ቆመች፤ እጇ ሜሮን ሜሮን ይሸታል። የሕፃኗ ሜሮን።

«ያ ነገር…» አለች በሹክሹክታ። «የሚቃናበት መንገድ አለው?»

«የትኛው ነገር?»

«አታድክሚኝ። የተደፋውን የሚያነሳ። ደግመሽ ብትጥይልኝስ? ማንም አይሰማም። ቤትሽ እመጣለሁ። የምትይውን አደርጋለሁ።»

ዞሬ አየኋት። እስቲ አስቡት። ትናንት ከሰዓት ጀምሮ እስከ ማታ ስሜን በስልክ አዳርሳለች። ዛሬ ልጄን ከእጄ ወስዳ፣ ቄሱ ፊት ሰይጣንን ክጄዋለሁ ብላ ቃል ገብታ፣ ውሃው ሳይደርቅ እኔን ጠንቋይቱን ምክር ልትጠይቅ መጥታለች። ዓይኗ አብጧል። ሌሊቱን አልተኛችም። ያንንም አይቻለሁ፤ አላየሁም አልልም።

መልሱ አፌ ላይ ነበር። ሃያ አምስት ነው፤ ከዚያ የሚበልጥ የለም፤ ደወሉ ለዚያ ነው። ይኸው ነው። ሳህን እስኪደርቅ እንኳ አይፈጅም።

«የለም» አልኳት።

«ምንም?»

«ምንም።»

ፊት ለፊቴ ያለውን የቆሸሸ ውሃ የሞላ ሳፋ በሁለት እጄ አነሳሁና፣ እያየችኝ፣ ዘቅዝቄ ደፋሁት። በደረቷ ላይ አማተበች፣ ወደ ኋላ ወደ ኋላ እያለች ወጣች።

ሙዚየሙ ጨርቄን ለሦስት ወር አሳይቶ ጠቀለለው። በቀጣዩ ዓመት ሥራ ቀዝቅዞ ኮኪላ ሱቋን ስትዘጋ ስድስቱን ትናንሽ ዛጎሎች በወረቀት ጠቅልላ ሰጠችኝ። «ሰሌዳው ላይ ስምሽ መኖር ነበረበት» አለችኝ። ሱቅ ከተዘጋ በኋላ ነው ይህን የምትለው። ዛጎሎቹ ዛሬም የቁልፍ ቆርቆሮዬ ውስጥ፣ ከተበጠሱ የሸሚዝ ቁልፎች ጋር ናቸው።

ናቲ የደወለው በሁለተኛው ሳምንት ነው አሉ። እስኪመለስ ግን ዓመት አለፈ። በዚያ ዓመት ውስጥ ብዙነሽን ቤተ ክርስቲያን እያየኋት ከሳች፤ ቀሚሷ ትከሻዋ ላይ እንደ መስቀያ ላይ ተንጠለጠለ። ሰው «ለልጇ እየጾመች ነው» ይል ነበር። ስልክ በጮኸ ቁጥር እንደምትንቀጠቀጥ ማህሌት ነገረችኝ። ምን ይዟት እንደሆነ የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። በየእሑዱ አሥር እርምጃ ርቄ ቆሜያለሁ። በየእሑዱ ልነግራት እችል ነበር። በየእሑዱ ያንን ከፊት የታሰረ ሪባን አስታውስና አፌ ይዘጋል። ልጁ እጁም እግሩም ሳይጎድል በሰላም ገባ። እልልታዋን ሰምቼ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

ምን ለወጠብሽ ብትሉኝ፣ አንባቢዎች፣ ደግ አላደረገኝም። ከዚያ በኋላ ማንንም ቤቴ ለማስገባት እንደቸኮልኩ አላስታውስም። ማህሌት ከዓመታት በኋላ ወደ «አንቺ» ተመልሳለች፤ እኔ ግን ያንን «እርስዎ» ዛሬም እሰማዋለሁ። ሕፃኗ አድጋ መኪና ትነዳለች፤ ብዙነሽን «የክርስትና እናቴ»፣ እኔን «የማሚ አክስት» ትለኛለች። ብዙነሽን ስሜን ስላጠፋች እጸየፋታለሁ፤ ይህ አልተለወጠም። የተለወጠው፣ መስተዋት ሳይ የምጸየፋት አንዲት ሴት መጨመሯ ነው። ሳፋ በሁለት እጇ ያነሳች ሴት።

ይቅርታ አልጠይቅም። እሷም አልጠየቀችኝም። ነገር ግን የእሷ የሆነ አንድ ነገር ሳልሰጣት ይዤ ቆይቻለሁ፤ ይዤው መሞት አልፈልግም።

ብዙነሽ፣ ያን ቅዳሜ ስንቱ ሰው ፊቴ ተቀምጦ ጣለ። ስድስቱም የተደፉላቸው ሦስት ናቸው፤ አንዷ አንቺ ነሽ። ሃያ አምስት ነው የወጣልሽ። ከዚያ የሚበልጥ የለም። ቃጭሉን የደወልኩት ስላሸነፍሽ ነው።